የካላክላው የገና አባትና ስምንቱ ሰማያዊ ክሮች

ባለፈው የነቢያት ጾም ሲያዝ መቀሴን አስቀመጥኩ። ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ክር አስገባ ነበር። አሁን ጣቴም እምቢ አለ። ሥራ ያቆመ ሰው አርፎ ይቀመጣል ይሉኛል። አርፌ እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ግን በዚህ በካርቱም ስለ ገና አባት የሚወራው ወሬ ነው። ሁሉም ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ የሚያምር ሲሆንም አልወደውም።

አንዱ ሀብታም ነጋዴ ነበር ይላል። ሌላው ስሙን መናገር የማይፈልግ ቄስ ነው ይላል። ልጆቹ ደግሞ በግመል ነው የሚመጣው ይላሉ። የልጅ ልጄ ሜሮን በቴሌቪዥን ያንን ቀይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ አይታ «አያቴ፣ ይሄ ሰውዬ ካላክላ ቢመጣ ሳያድር ካፖርቱን ይሸጠው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛው ካፖርት አልነበራቸውም። አንድ ግራጫ ሸሚዝ ነበራቸው፤ ደረቱ ላይ ሁልጊዜ ሁለት መርፌ ይሰካበታል። በካላክላ ሱግ፣ የሰፈሩ ገበያ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ልብስ ይሰፉ ነበር። ስማቸው ጋሽ በየነ ነው። እኔ ዘነበች እባላለሁ፤ ብዙው ሰው እትዬ ዘነቡ ይለኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ከሳቸው ጋር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ብቻዬን ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ካርቱም የገባሁት በመተማ በኩል ነው፤ ልጄን አዝዬ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ ስም መጻፍና መቁጠር እችላለሁ፣ በቆጠራዬም እመካ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ አርካዊት ሰፈር በእመቤቴ በሲት ሱአድ ቤት ነው። ሲት ሱአድ ክፉ ሴት አልነበረችም። ደሞዜን በጊዜው ትሰጣለች፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬንም፣ ባሏ አስወጣልኝ። አንድ ዒድ ላይ ግን የልጇን አሮጌ ቀሚስ ለልጄ ሰጠችኝና እንግዶች በተቀመጡበት «አሳዪያቸው» አለችኝ። ቀሚሱን ዘርግቼ ቆምኩ። እንግዶቹ ሲት ሱአድን አመሰገኗት። ልጄ በሩ ላይ ሆና ታያለች። ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀሚሱ ለልጄ ሰፊ ስለነበረ እንዲጠብልኝ ወደ ሱግ ወሰድኩት። ጋሽ በየነ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«የማን ነበር?»

«የአሠሪዬ ልጅ።»

«ታዲያ ልጅሽ የራሷ የሚኖራት መቼ ነው?»

ተናደድኩ። «ሰፊ ነዎት ወይስ ዳኛ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ቁልፍ መትከል ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ጥሩ፤ የማትችይውን እችላለሁ አትይም። ነገ ነይ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሲት ሱአድ ለሁለት ዓመት አኮረፈችኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ቁልፍ ብቻ ተከልኩ። ጋሽ በየነ የተከልኩትን ይዘው ይጎትቱታል፤ ከላላ መልሰው ይሰጡኛል፤ አይሳደቡም፣ አይናገሩም። አንድ ቁልፍ ሰባት ጊዜ የመለሱብኝ ቀን አለ። ሲቆርጡ ምላሳቸውን ያወጡ ነበር። መቀሱ ጨርቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ፖሊስ ቢመጣ እንኳ ቀና አይሉም። ከሻ፣ ማለትም አፈሳ፣ በመጣ ጊዜ ሱጉ በሙሉ ሲሮጥ እሳቸው አንድ እጅጌ ቆርጠው እስኪጨርሱ አልተነሱም። ፖሊሱም ቆሞ ጠበቃቸው።

የገናውን ሥራ ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥቅምት ላይ ሱቁ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ክሮች በምስማር ይንጠለጠሉ ጀመር። እያንዳንዱ ክር አንድ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ የትከሻው ስፋት፣ ሁለተኛው እስከ ወገቡ፣ ሦስተኛው እስከ ጉልበቱ። እናት አንድ ነገር ልታስጠግን ትመጣለች፣ ልጁ የሱቁን በር ተደግፎ ይቆማል፣ ጋሽ በየነ አንዴ አየት ያደርጉትና ክር ይቋጥራሉ። ልጁ ሳያውቅ ተለካ ማለት ነው። በአንድ ጣት እንኳ ሲሳሳቱ አላየሁም።

ሕጋቸው ብዙ ነበር፤ ሁሉንም ያወቅሁት እያጠፋሁ ነው። ጨርቁ አዲስ መሆን አለበት። ታችኛው እጥፋት አራት ጣት ነው፤ ልጁ ሲያድግ እናቱ ትፈታዋለች፣ ልብሱ ለሁለት ገና ይደርሳል። የወንድማማቾች ልብስ ከአንድ ጨርቅ አይቆረጥም፤ ታናሹ የሱ ልብስ የታላቁ ትርፍ እንዳልሆነ ይወቅ ይላሉ። ባዶ ኪስ አይሰጥም፤ በየኪሱ አንድ እፍኝ ለውዝ ይገባል። ኪሱ የሚያልቅበት ጥግ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሦስት ሰማያዊ ስፌት ያስገባሉ። «ለምንድን ነው?» ብላቸው «ኪስ የሚቀደደው እዚያ ነው» አሉኝ። ሰጪው አይታይም፣ አይመሰገንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልብሱ የሚደርሰው በገና ጧት ነው። «ከገና በኋላ የሚሰጥ ልብስ ‹ረስቼሽ ነበር› ብሎ ይናገራል» ይሉ ነበር።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። የገና ሌሊት ሰው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ቤቱ ባዶ ነው። ጎህ ሲቀድ እኛ በዑስማን አምጃድ እንዞራለን። ዑስማን ሱዳናዊ ነው፤ አምጃድ የምንላትን ትንሽ መኪና ይነዳል፤ ሚስቱ አልማዝ የኛ አገር ልጅ ናት፣ ሶባ ይኖራሉ። ለዚህ ሥራ አንድም ቀን ኪራይ ተቀብሎ አያውቅም። ልብሱን ጠቅልለን በጨርቁ ጠርዝ እናስርና በር ላይ አንጠልጥለን እንሄዳለን። ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ያገኘዋል። እናቶቹ ያውቃሉ፤ ልጆቹ አያውቁም። መጨረሻ ላይ ጋሽ በየነ ሁልጊዜ ዑስማንን «እዚህ አውርደኝ» ይሉትና አንድ ትንሽ ከረጢት ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሊጸልዩ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

በጾሙ በየቀኑ አንድ ልብስ እንቆርጣለን። አንዳንድ ቀን ግን እሳቸው ብቻቸውን ሁለተኛ ይቆርጣሉ።

«ምነው ሁለት ሆነ?» እላለሁ።

«ቀኑ ረዝሞ ነው» ይላሉ።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለበት ዓመት፣ ሁሉ ነገር በተወደደበት ጊዜ፣ ጋሽ በየነ ኅዳር መጀመሪያ ላይ በእንቅልፋቸው ሞቱ። ክሮቹን ለክተው ጨርሰዋል፣ መቁረጥ አልጀመሩም። ከቀብር በሦስተኛው ቀን ሱቁን ከፈትኩ። ሰው «ዘንድሮ ይቅር» አለኝ። «የሞቱት ጋሽ በየነ ናቸው፣ ልጆቹ መች ሞቱ?» አልኩ።

ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ ደብተሩን አውጥቼ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ስም። ግድግዳው ላይ አርባ አንድ ነጭ ክር። ልክ ነው። ጠረጴዛው ሥር ሳጸዳ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አገኘሁ፤ ውስጡ ስምንት ሰማያዊ ክሮች አሉ፣ ሁሉም የተቋጠሩ። ዝርዝሩን እንደገና አየሁ። የጎደለ ስም የለም። አድገው የሄዱ ልጆች የድሮ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጋሽ በየነ ምንም ነገር አይጥሉም ነበር። እኔ ደግሞ የምጽፈው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ያን ቀን የእጅ ክር አልቆብኝ ነበር። ቁጭ ብዬ የስምንቱንም ክር ቋጠሮ አንድ ባንድ ፈታሁ፤ በነሱም የሰባት ልጆችን እጅጌ ላላ አድርጌ በእጄ ያዝኩባቸው። የስፌት መኪናው ከሰፋው በኋላ መዝዤ ጣልኳቸው።

በዚያ ገና ጧት ከዑስማን ጋር ካላክላን ጨርሰን ሶባ ገባን። የመጨረሻውን ጥቅል አንጠለጠልኩና ወደ መኪናው ተመለስኩ። ዑስማን ባዶውን ጆንያ አየ። ወደ ኋላ ወንበርም አየ።

«ኸላስ?» አለኝ። አለቀ ወይ ማለቱ ነው።

«ኸላስ» አልኩ፤ በኩራት።

«ጠይብ፣ ያ ኻላ። ያላ» አለና ሞተሩን አስነሳ፤ እሺ አክስቴ፣ እንሂድ ማለቱ ነው። ቤቴ አድርሶኝ ሻይ ጠጣ ብለው አልወርድም አለ።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ መጣች። ለበዓል የለበሰችውን ነጠላ እንኳ አላስተካከለችም። በር ላይ ቆማ አልገባ አለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሣራ ምን አጠፋች?»

«የትኛዋ ሣራ?»

«የኔዋ። ሰባት ዓመቷ ነው። ከጎህ ጀምራ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማለች። የታጠበውን ልብስ አንድ ባንድ እያነሳች ከሥሩ ታያለች። አያቷ ቁርስ ብትላት እምቢ አለች። ‹ነፋስ ወስዶት ይሆናል› ትለኛለች።»

የምትለው አልገባኝም። ያኔ ነገረችኝ። ባሎቻቸው ሙስሊም የሆኑ እናቶች ልጆች ገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አያድሩም፤ ቤታቸው ባዶ አይሆንም፣ በሩ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም። ጋሽ በየነ ለሣራ የሚያመጡላትን ቀሚስ ከግቢው ገመድ ላይ፣ ከታጠበው ልብስ መሀል፣ በመቆንጠጫ ይሰቅሉታል። ልጅቷ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እዚያ ነው የምታገኘው።

«ሌሎችስ አሉ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ስምንት ነበሩ። ቁጥሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቋጠሮውን በጣቴ ፈትቻለሁ።

«ዑስማንስ ለምን አልነገረኝም?» አልኩ፤ ጥፋቴን ሰው ላይ ልለጥፍ።

«ስጦታ ይለመናል እንዴ?» አለችኝ።

እሷ እንደሄደች ሱቁን ከፍቼ አንድ ቀሚስ ቆርጬ ሰፋሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሐፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ሶባ አደረስኩት። አልማዝ ከበሩ ላይ መለሰችኝ። «ዛሬ ከሰጠኋት መረሳቷን ታውቃለች። አሁን ነፋሱን ነው የተቀየመችው፤ ነፋሱን ትቀየም።» የጋሽ በየነን ሕግ ለኔው መለሰችልኝ። ቀሚሱን ይዤ ተመለስኩ፤ ፈታሁት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈትቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ ብዬ አልዋሽም። ተናደድኩ። በቀጣዩ ገና ስምንቱም ካልደረሳቸው መቀስ አልይዝም አልኩ።

ግን የት ናቸው? ስም የለኝም፣ ሰፈር የለኝም፣ ልክ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ የጋሽ በየነ ልብስ ለሁለት ገና ይደርሳል። ያምና ልብሳቸው ገና አላለቀም ማለት ነው። ልብስ ደግሞ ይታጠባል።

ገመድ ማየት ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቼ ካላክላን፣ ሶባን፣ አርካዊትን በእግሬ እዞራለሁ። ግቢው ክፍት ከሆነ፣ ግንቡ አጭር ከሆነ፣ የተሰጣውን ልብስ ከሩቅ አያለሁ። የሳቸውን አንገትጌ በሃያ እርምጃ አውቀዋለሁ። ጥርጣሬ ሲገባኝ ቀርቤ ኪሱን ገልብጬ ሦስቱን ሰማያዊ ስፌት እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ካላክላ ውስጥ የሸሚዝ ኪስ ገልብጬ እንደያዝኩ አንዲት ሴት እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

«አንቺ ሴትዮ! በጠራራ ፀሐይ ልብስ ትሰርቂያለሽ?» አለችኝ በዓረብኛ።

እኔ በአማርኛ «ሌባ ብሆን ይሄን እሰርቃለሁ? ክርኑ ተጣፏል!» አልኩ።

ጨርቁን ዝቅ አደረገች። በአማርኛ መለሰችልኝ። «አበሻ ነሽ እንዴ? ታዲያ የልጄን ኪስ ምን ትፈልጊበታለሽ?»

«የሰፋውን ሰው።»

«ዘንድሮ ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በእርጥቡ ጨርቅ ትከሻዬን መታችኝና «ግቢ፣ ውሃ ጠጪ» አለች። ልጇን ከመንገድ ጠራችው። በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ክሬን አወጣሁ። አየት ብቻ አድርጌ ስቋጥር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰባቱን አገኘሁ፤ ከነሣራ። ስምንተኛውን አላገኘሁም። አርካዊትን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። የሲት ሱአድን በር እንኳ አንኳኳሁ፤ አርጅታለች፣ አወቀችኝ፣ ሻይ ሰጠችኝ፣ ልጅ ግን አታውቅም።

ጾሙ ሲገባ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰው ሱቅ መጣ። ጨርቅ የሚያዋጡት ምእመናን ናቸው፣ ያልተጠመቁ ልጆች ለምን ይገቡበታል አለኝ።

«ብርዱ ጥምቀት ይጠይቃል?» አልኩት።

«ሥርዓት አለ፣ እትዬ ዘነቡ።»

«አለ እንጂ። ሥርዓቱ ይሄው ነው፤ ወይ አርባ ዘጠኝ፣ ወይ ዜሮ። ለአርባ አንዱ እናቶች ዘንድሮ የለም ብለህ አንተ ንገራቸው። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።»

የስፌት መኪናውን በሻሽ ሸፍኜ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የሱ የገዛ ሚስት ጨርቅ ይዛ መጣች።

በዚያ ገና ጧት ዑስማንን «እዚህ አውርደኝ» አልኩት። ከቤቱ አንድ መንገድ ወዲህ ነው። ፊቱን አላዞረም። «ሐዲር» አለኝ፤ እሺ እንደማለት ነው። ከረጢቴን ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ግቢው ክፍት ነበር። የሣራን ቀሚስ አወጣሁ፤ ብጫ ነው፣ ኪሱ ለውዝ ሞልቷል። ወደ ገመዱ እጄን ሳነሳ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ።

የዑስማን እናት ናቸው፤ ሐቡባ ዘይነብ፣ አያት ዘይነብ እንደማለት ነው። የጎህ ጸሎታቸውን፣ ሱብሒን፣ ጨርሰው ቶባቸውን፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም ነጠላ፣ እየተከናነቡ ወጥተዋል። እኚህን ሴት ስንት ዓመት ፈርቻቸው ነበር። የገናን ስጦታ ለልጅ ልጃቸው አይወዱትም ይሆናል ብዬ በሆዴ ስጨነቅ ነው የመጣሁት። ቀሚሱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ሐቡባ ዘይነብ እጃቸውን ቶባቸው ውስጥ ከተቱና ሁለት መቆንጠጫ አውጥተው ዘረጉልኝ።

ያኔ ነው ገመዱን ልብ ብዬ ያየሁት። የታጠበው ልብስ ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ተሰጥቷል፤ መሀሉ ላይ ግን የአንድ ልጅ ቀሚስ የሚያህል ቦታ ክፍት ነው።

«በያመቱ እተውለታለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ በዓረብኛ። «ያ ሽማግሌ የቶቤን ጠርዝ ሊሰፋ ይመጣ ነበር። ቶቡን ትቶ ልጅቷን ያያል። ገባኝ። አምናም ትቼለት ነበር። ቀኑን ሙሉ ክፍት ዋለ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

«አሁን ስቀዪው። ልጅቷ ልትነሳ ነው።»

ሰቀልኩት። ከግንቡ ወዲያ ዞሬ ቆምኩ። ጋሽ በየነ ቆመው አያውቁም፤ እኔ ግን ቆምኩ፣ ይፍረዱብኝ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። የባዶ እግር ሩጫ ሰማሁ። ከዚያ የለውዝ ቅርፊት ሲሰበር ሰማሁ። ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ባለፈው ጾም በየዓመቱ ሠራሁ። ዛሬ የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጠው አልማዝ ናት፤ ቁልፏን ጎትቼ ፈትሻለሁ፣ አይላላም። ዳቦና ቤንዚን በሰልፍ በሆነበት በዚህ ጊዜ እንኳ አንድ ልጅ አላስቀረችም። ጣሳውንም ለሷ ሰጥቻታለሁ። ሰማያዊዎቹ ክሮች አሁን ከስምንት በላይ ናቸው። አንደኛው ግን ቋጠሮ የለውም።

ለዚያ ለስምንተኛው ልጅ በየዓመቱ አንድ ልብስ ቆርጫለሁ። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ ስለዚህ ሸሚዝ ነው። በየዓመቱ ልጁ አድጓል ብዬ በሦስት ጣት አስረዝመዋለሁ። ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተደርድረው አሉ፤ ኪሳቸው ባዶ አይደለም፣ ለውዙን አልማዝ ትቀይረዋለች።

ይህን የምታነብ ሰው፣ ካርቱም ካለህ፣ እቤትህ አሮጌ የልጅ ልብስ ካለ ኪሱን ገልብጠህ እይልኝ። ጥጉ ላይ ሦስት ሰማያዊ ስፌት ካለና ከዚያ ወዲህ በገና ጧት ምንም ካልመጣለት፣ ልጁን ይዘህ ካላክላ ሱግ፣ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጀርባ ና። ትልቅ ሰው ሆኖም ቢሆን ይምጣ። ጋሽ በየነ ከገና በኋላ አይሰጥም ይሉ ነበር። ሕጋቸውን ሁሉ ጠብቄያለሁ፤ ይቺን አንዷን እሽራለሁ። መረሳቱን ይወቅ። ማን እንደረሳውም ይወቅ። በሩን ተደግፎ ይቁም፤ እኔ ዓይኔ ባያይም በእጄ እለካዋለሁ።